አንድ ቀን ባሕር ዳር ለብቻ፦ አበባ፣ ጢስ ዓባይና ጣና፤ ጠዋቱን ለየትኛው ልስጥ?

መንገደኛዋ | መስከረም 6፣ ምሽት 2:10

ሰላም ለሁላችሁ። ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ባሕር ዳር ለብቻዬ እገኛለሁ። ዓርብ ማታ እገባለሁ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። ሙሉ ቀን ያለኝ ቅዳሜ ብቻ ነው። ማየት የምፈልገው በከተማው የሚከፈተውን የአበባና የችግኝ ዐውደ ርዕይ (ከ3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት)፣ አደይ አበባን በሜዳው ላይ፣ ጢስ ዓባይን፣ ቢቻል ደግሞ አንድ የጣና ገዳም ነው። ሁለት ሦስት ችግኝም ገዝቼ መመለስ አስቤያለሁ። ፎቶ የማነሳው በስልክ ነው። የቱን ላስቀድም? የቱንስ ልተው? ጊዜውን፣ መንገዱን፣ የሚያበላሸውን ነገር በዝርዝር የምታውቁ ንገሩኝ።

ደንገል | መስከረም 6፣ ምሽት 3:40

እንኳን ወደ ጎጃም በደህና ያምጣሽ፣ እህቴ። የዘረዘርሻቸው አራቱም ጠዋትን የሚፈልጉ ናቸው፤ ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እኔ የሐይቁን ልንገርሽ፣ የቀረውን የሚያውቁ ይጨምሩበታል።

ጣና ጠዋት ይረጋል። ረፋድ ላይ ነፋስ ይነሳል፤ ከሰዓት በኋላ ይበረታል። ሐይቁ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ቢሰፋም ጥልቀቱ ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነካው ቶሎ ይናወጣል፤ ማዕበሉም አጫጭርና ተደጋጋሚ ስለሚሆን ትንሿን ጀልባ እያነሳ ይጥላታል። አደጋ ባይደርስ እንኳ ልብስና ስልክ ይርሳል፣ መመለሻውም ይረዝማል። ስለዚህ ጀልባ ካሰብሽ 12:45 ላይ ወደቡ ላይ ተገኚ፣ ከ6 ሰዓት በፊት ተመለሺ።

ገዳማቱ ያሉበት ዘጌ ለመድረስ በሞተር ጀልባ 1 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ደርሶ መልሱ 2 ሰዓት፣ ሁለት ገዳም ከነእግር መንገዱ 2 ሰዓት ተኩል፤ ጠዋቱ አለቀ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ጢስ ዓባይን መጨመር ሁለቱንም ማበላሸት ነው።

ለብቻ የሚሄድ ሰው ማወቅ ያለበት ሌላው ነገር ዋጋው ነው። ጀልባ የሚከራየው በሰው ቁጥር ሳይሆን በሙሉ ነው፤ አንድም ሆናችሁ ስድስት፣ ነዳጁ ያው ነው። ዓርብ ማታ ሆቴሉን «ነገ ጠዋት ወደ ዘጌ የሚሄድ ቡድን አለ?» ብለሽ ጠይቂ። ከሌለ ቅዳሜ ማለዳ ወደቡ ላይ ቆመሽ ከሌሎች ጋር መቀላቀል ይቻላል። ከመሳፈርሽ በፊት አራት ነገር በግልጽ ተነጋገሪ፦ የትኞቹ ገዳማት፣ ስንት ሰዓት ጥበቃ፣ ዋጋው የአስጎብኚን ይጨምራል ወይ፣ ገንዘቡ መቼ ይከፈላል። ግማሹን በመነሻ፣ ግማሹን በመመለሻ መክፈል ለሁለቱም ወገን ይሻላል። የሕይወት አድን ሰደርያውን ልበሺው እንጂ ከመቀመጫው ሥር አይተሽ አትለፊ፤ ማቀፊያው የማይቆለፍ ከሆነ ሌላ ይቀይሩልሽ።

ጢስ_እሳት | መስከረም 7፣ ጠዋት 1:25

ጋሽ ደንገል ስለ ሐይቁ ያሉት ትክክል ነው፤ ምርጫው ግን በወሩ ይወሰን ባይ ነኝ። ዘጌ ዓመቱን ሙሉ ዘጌ ነው። ጢስ ዓባይ ግን በመስከረም ሌላ፣ በመጋቢት ሌላ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዓባይ ከጣና ሲወጣ ውኃው የሚመጠነው ጨራጨራ ላይ በተሠራው ግድብ ነው፤ እሱም የተሠራው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። ከፏፏቴው በላይ ደግሞ ውኃ ለኃይል ማመንጫዎቹ ይጠለፋል። ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በኩል ከሐይቁ በቀጥታ ወደ በለስ ወንዝ የሚሄድ ውኃ አለ። በበጋ እነዚህ ሁሉ ተደምረው ፏፏቴውን ያሳንሱታል፤ ሰው 30 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አንድ ቀጭን ጅረት አይቶ ይመለሳል። በመስከረምና በጥቅምት ግን ሐይቁ በክረምቱ ዝናብ ስለሚሞላ ውኃው ይተርፋል። 42 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ገደል በዚያን ጊዜ እስከ 400 ሜትር ስፋት ይለብሳል። ቀለሙ ቡናማ ነው፤ ሰማያዊ ውኃ የሚጠብቅ ሰው ቅር ይለዋል፣ ግን «ጢስ» የሚያሰኘው ጉም የሚነሳው ያኔ ነው።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ ቀስተ ደመና ማየት ከፈለግሽ ፀሐይ ከጀርባሽ፣ ከአድማስ በላይም ከ42 ዲግሪ ባነሰ ከፍታ ላይ መሆን አለባት። በዚህ ወር ፀሐይ 12:20 ገደማ ትወጣለች፤ ያንን ከፍታ የምታልፈው ከ3 ሰዓት ሩብ አካባቢ በኋላ ነው። ከዚያ በኋላ ቀስተ ደመናውን የምታዪው ከገደሉ አፋፍ ወደ ታች፣ ጉሙ ውስጥ ስትመለከቺ ብቻ ነው።

አካሄዱ፦ ከባሕር ዳር መንገዱ 1 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሚኒባስ ከመናኸሪያ አለ፤ እስኪሞላ መጠበቁ ግን ያን የቀስተ ደመና ሰዓት ይበላዋል፣ ከሰዓት በኋላም መመለሻው ይሳሳል። አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው መኪና ኮንትራት ይዞ ከነጥበቃው ለ5 ሰዓት መነጋገር ይሻላል። ጢስ ዓባይ ከተማ ትኬት ትቆርጪያለሽ፤ አስጎብኚም እዚያው ውሰጂ። አንድ አስጎብኚ ከያዝሽ ሌሎች እየተከተሉ አያስቸግሩሽም።

ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ቁልቁል ወርዶ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1626 እ.ኤ.አ. የተሠራውን የድንጋይ ድልድይ ተሻግሮ ወደ መመልከቻው የሚወጣው ነው። ሁለተኛው ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ የሚያሻግረው አጭሩ ነው። ወንዙ በጣም ሲሞላ ጀልባው ሊቆም ስለሚችል በመስከረም ሙሉ ዕቅድሽን በእሱ ላይ አትጣይ። ዙሩን በቀስታ ለመጨረስ 2 ሰዓት ያዢ። መሬቱ ጥቁር አፈር ነው፤ ዝናብ ያደረበት ቀን ጫማ ሥር እየተለጠፈ ይከብዳል፣ ድልድዩ አጠገብ ያለው ድንጋይም ያዳልጣል። ጥርስ ያለው ሶል ያለው ጫማ አድርጊ፤ ስልክሽን ከጉሙ የሚያድንልሽ አንድ የፕላስቲክ ከረጢት ያዢ።

ችግኝ_አፍይ | መስከረም 7፣ ጠዋት 4:05

ስለ ዐውደ ርዕዩ አንድ ነገር አጣሪ፤ ቀንሽን የሚወስነው እሱ ነው። የቀረበው የተቆረጠ አበባ ነው ወይስ በዕቃ ያለ ተክል?

የተቆረጠ አበባ ከሆነ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ በሩ ሲከፈት መግባት አለብሽ። ጽጌረዳ በሙቀት ይከፈታል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በሆነ ድንኳን ውስጥ ጠዋት እምቡጥ የነበረው ከሰዓት በኋላ ተንጋሎ መሐሉ ይታያል። ግንዱ ውስጥ አየር ከገባበት ደግሞ ውኃ መሳብ ያቅተውና አንገቱ ይደፋል። ይህ ሲሆን «አበባው አርጅቷል» የሚሉ አሉ፤ ብዙ ጊዜ ግን ያላረጀ፣ የተጠማ ነው።

በዕቃና በፌስታል ያለ ተክል ከሆነ 5 ወይም 6 ሰዓት ብትገቢም ምንም አይቀርብሽም። እንዲያውም በዚህ ወር የከሰዓት ዝናብ ገና አላቆመም፤ ዝናብ ሲመጣ ድንኳን ሥር መሆን ጥሩ ነው።

መንገደኛዋ | መስከረም 7፣ ከሰዓት 9:30

አጣራሁ፤ አብዛኛው በዕቃ ያለ ነው፣ የተቆረጠ ጽጌረዳ የሚያቀርቡ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ጠዋቱ ለጢስ ዓባይ ነፃ ሆነ ማለት ነው? ደግሞ አደዩን የት ነው የማየው? ከመስቀል በኋላ ያልቃል የሚሉኝ አሉ።

ማር_ቆራጭ | መስከረም 7፣ ምሽት 1:15

አያልቅም። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ በዙሪያዋ አደይ መስከረምን ሙሉ ይቆያል፣ ደጋው ላይ ወደ ጥቅምትም ይዘልቃል። እሱን ብለሽ ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልግሽም። የጢስ ዓባይን መንገድ ከያዝሽ በግራና በቀኝ፣ በእርሻ ድንበር፣ በቦይ ዳርና ባልታረሰ መሬት ላይ ታገኚዋለሽ። ሲመለስ እንዲያቆምልሽ ለሾፌሩ ከመነሻው ንገሪው፤ «ሁለት ቦታ፣ 15 15 ደቂቃ» ብለሽ። ያኔ ብርሃኑም ሞቅ ብሎ አበባው በደንብ ተገልጦ ይቆይሻል።

ብዙ ከተሜ የሚሳሳተው ቢጫውን ሁሉ አደይ ብሎ ነው። ጎጃም ውስጥ በዚህ ሰሞን ሦስት ቢጫ አበባ አለ፤ ሦስቱም ከአንድ ወገን ስለሆኑ ይመሳሰላሉ። ለመለየት ቅጠሉን እይ። የአደይ ቅጠል የተሰነጣጠቀ፣ ወደ ጥቃቅን የተከፋፈለ ነው። ኑግ ቅጠሉ አልተከፋፈለም፤ ግንዱን እንዳቀፈ ጥንድ ጥንድ ሆኖ ይወጣል፤ የተዘራ ስለሆነም ማሳውን ሞልቶ እኩል ቁመት ይይዛል። የሚደምቀው ግን በጥቅምት ነው፤ በመስከረም ገና ጥቂቱ ነው የሚያብበው። ሦስተኛው መጭ ነው፤ ኑግን ይመስላል፣ ግን አረም ስለሆነ ያለ ሰልፍ ተበታትኖ ይበቅላል። በጥቅምት መጨረሻ ለሚመጣ ሰው «የአደይ መስክ» ተብሎ የሚታየው ብዙ ጊዜ የኑግ ማሳ ነው። ኑጉም በራሱ ታላቅ ውበት አለው፤ በስሙ ቢጠራ ይሻላል።

ቀረብ ብለሽ ስታዪው አንድ አበባ የሚመስልሽ ብዙ ነው። በዙሪያው እንደ ቅጠል የተዘረጋው እያንዳንዱ አንድ አበባ ነው፤ መሐሉ ላይ ያሉት ነጠብጣቦችም እያንዳንዳቸው አበባ ናቸው። ንቧ አንድ ቦታ ቆማ ብዙ የምትቀስመው ለዚህ ነው። ጥቅምትና ኅዳር የሚቆረጠው ማር ከዚህ አበባ ብዙ ይወስዳል።

አደራ የምለው ሁለት ነገር አለ። ጤፍና ዳጉሳ በዚህ ወር ማሳ ላይ ነው፤ ለፎቶ ብለሽ ድንበሩን አልፈሽ አትግቢ፣ የተረገጠ ጤፍ አይነሳም። አበባውንም በእቅፍ አትልቀሚ። አደይ የአንድ ዓመት ተክል ነው፤ የሚመጣው ዓመት የሚበቅለው ዘንድሮ ካፈሰሰው ዘር ነው። ደግሞ ከተቀነጠሰ ቶሎ ስለሚጠወልግ ሆቴል ሳትደርሺ ያልቃል።

ብርሃን_ለካሚ | መስከረም 7፣ ምሽት 2:50

ስለ ፎቶው አጭር ነገር። ቢጫ በስልክ ካሜራ ቶሎ ይቃጠላል፤ አበባው ሁሉ አንድ ወጥ ቢጫ ነጠብጣብ ሆኖ መስመሩ ይጠፋል። አበባውን በስክሪኑ ላይ ነክተሽ ያዢው፣ ከዚያ የፀሐይ ምልክቷን ወደ ታች ትንሽ ጎትቺ። ጠቆር ብሎ የተነሳን ፎቶ በኋላ ማብራት ይቻላል፤ የተቃጠለ ቢጫ ግን አይመለስም። ደመና ካለ አትዘኚ፤ ለአበባ ከጠራራ ፀሐይ ይሻላል። ፏፏቴው ጋ ደግሞ ሌንሱን በደረቅ ጨርቅ በየ2 ደቂቃው ጥረጊ።

ድንኳን ውስጥ ጨርቁ ሰማያዊ ወይም ቀይ ከሆነ ነጩ ጽጌረዳ ያንን ቀለም ይይዛል። ባለቤቱን አስፈቅደሽ ዕቃውን ወደ ድንኳኑ አፍ ማምጣት ነው መፍትሔው።

ቅድስት_በር | መስከረም 8፣ ጠዋት 2:00

ዘጌን ሙሉ በሙሉ አትተዪው፤ መንገዱ ካልተመቸ መጠባበቂያሽ እሱ ነው። የሚከተለውን ያዢ።

ሴቶች የሚገቡባቸው ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም ዘጌ ላይ ናቸው። ክብራን ገብርኤል ቅርብ ቢሆንም ሴት አይገባበትም፤ ዳጋ እስጢፋኖስም እንዲሁ። ጀልባ ነጂው በመንገድ ላይ ነው ብሎ ክብራንን በዋጋው ውስጥ ቢደምርብሽ ወደብ ላይ ቁጭ ብለሽ ትጠብቂያለሽ ማለት ነው። ነጠላ ያዢ፣ ቀሚስሽ ከጉልበት በታች ይሁን፤ ጫማ በሩ ላይ ይወልቃል። በወር አበባ ላይ ከሆንሽ ከውጭ፣ ከቅጥሩ ሆነሽ ትሳለሚያለሽ።

ሕንፃው ክብ ነው፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ሥዕሎቹ ያሉት በመቅደሱ ግድግዳ ላይ ነው፤ በጨርቅ ተሥለው የተለጠፉ ናቸው። ከመቅደሱ በር ጀምረሽ ዙሪያውን በቀስታ ዙሪ፤ ከታች ያለውን ረድፍ ሳትጨርሺ ቀና አትበዪ፣ አለበለዚያ ታሪኩ ይደባለቅብሻል። የካሜራ ብልጭታ ቀለሙን ስለሚጎዳ ከመግባትሽ በፊት አጥፊው።

አበባ ወዳጅ ስለሆንሽ ልጨምር፤ የዘጌ ደን የቡና ደን ነው፣ ማረሻ አይገባበትም። የቡናው ነጭ አበባ የሚፈነዳው ከደረቁ ወራት በኋላ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ነው፤ በመስከረም የምታዪው አረንጓዴ ፍሬውን ነው። የከተማው መንገድ ዳር ዛፎችም እንዲሁ። ጃካራንዳውና የድሬዳዋ ዛፍ የሚያብቡት ወደ በጋው መጨረሻ ነው፤ በመስከረም ባሕር ዳርን በሐምራዊና በቀይ ተሸፍና አገኛታለሁ ብለሽ አትምጪ። በዚህ ወር የምታገኚው ዘንባባና ቡጋንቪላ ነው።

ችግኝ_አፍይ | መስከረም 8፣ ጠዋት 5:20

ቡጋንቪላ ከተነሳ ዘንድ፣ ቀለም ያለው አበባው አይደለም። አበባው መሐል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ ነች፤ ቀዩና ሐምራዊው አቃፊ ቅጠል ነው። ዐውደ ርዕዩ ላይ ስትመርጪ ነጯ ገና ያልተከፈተችበትን ውሰጂ፤ ነጯ ደርቃ ከታየች ቀለሙም ሊረግፍ ነው።

አሁን ስለ ግዢው። በበዓል ሰሞን ችግኝ ሲሸጥ የሚያጋጥመው ትልቁ ጉድለት ሥር ያላወጣ ተክል ነው። ከሳምንት በፊት የተቆረጠ ቅርንጫፍ ፌስታል ውስጥ ተተክሎ፣ ውኃ ጠጥቶ ለጥቂት ቀን ቆሞ ይታያል፤ ቤት ሲገባ ይደርቃል። ግንዱን ከሥሩ ይዘሽ በጣም በቀስታ ወደ ላይ ሳብ አድርጊ። ሥር ካለው አፈሩ አብሮ ይንቀሳቀሳል፤ ከሌለው ግንዱ ብቻውን ይላወሳል። የፌስታሉን ታች እይ፤ ጥቂት ነጭ ሥር በቀዳዳው ብቅ ካለ ጥሩ ነው፣ ተጠምዝዞ ሥር ብቻ ከሆነ ግን ዕቃው ጠብቦት ቆይቷል።

ቀጥሎ ቅጠሉን ገልብጪ። ሁልጊዜ የታችኛውን ገጽ! ከላይ አምሮ ከታች ክሽክሽና ነጭ ዝንብ የሞላበት ብዙ ነው። ቅጠሉ ላይ ደቃቅ ቢጫ ነጠብጣብ፣ በቅጠልና በግንድ መካከልም ስስ ድር ካየሽ ቀይ ሸረሪት ነው፤ እሱን ወደ ቤትሽ አታስገቢ፣ ሌላውን ሁሉ ይይዛል። በግንዱ መጋጠሚያ ላይ ነጭ ጥጥ መሳይ ነገርም እንዲሁ።

ጽጌረዳ ከሆነ በሌላ ተክል ሥር ላይ የተዳቀለበትን አንጓ ፈልጊ፣ ከአፈሩ ትንሽ ከፍ ብሎ እብጠት ይታያል። ከእሱ በታች የወጣ ቡቃያ ካለ የሥረኛው ተክል ነው፤ ካልተነቀለ ከላይ ያለውን ጥሩውን ያስርበዋል። ከአበባዎቹ ሲሶው የተከፈተ፣ የቀረው እምቡጥ የሆነውን ምረጪ። ሁሉም የፈካ ለዓይን ይማርካል፣ ለሚገዛው ግን ነገ ረጋፊ ነው።

አዲስ አበባ ስትወስጂው ከ1,800 ወደ 2,400 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዝበታል። ወዲያው ፀሐይ ላይ አታውጪው። ከ7 እስከ 10 ቀን ከነፋስ በተከለለ ግማሽ ጥላ ውስጥ አቆዪው፣ እስኪለምድ ማዳበሪያ አትስጪው። ቡጋንቪላ ሙቀት ስለሚወድ አዲስ አበባ ሲገባ ለጥቂት ጊዜ ቀለሙን ይጥላል፤ አልሞተም።

መንገደኛዋ | መስከረም 8፣ ምሽት 12:50

ጋሽ ደንገል፣ ጢስ እሳት፣ ሁላችሁም እግዜር ይስጥልኝ። ሦስት ጥያቄ ቀረኝ። ለብቻ የምትሄድ ሴት ምን ትጠንቀቅ? ችግኙን በአውሮፕላን እንዴት ላጓጉዝ? ከሰዓት በኋላ ከዐውደ ርዕዩ ስወጣስ ምን ይቀራል?

ደንገል | መስከረም 8፣ ምሽት 2:05

የመጀመሪያውን ልመልስ። የመንገዱ ሁኔታ ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። ዓርብ ማታ ሆቴሉን፣ ቅዳሜ ጠዋት ሾፌሩን ጠይቂ። የሁለቱ ቃል ካልገጠመ ከከተማ አትውጪ፤ በዚያ ፈንታ 12:45 ላይ ወደብ ሄደሽ ዘጌን ያዢ። ከከተማ ውጭ ስትወጪ የሾፌሩን ስምና የታርጋ ቁጥር ለሆቴሉ አስመዝግቢ፤ መመለሻ ሰዓትሽንም ንገሪያቸው። የባጃጅ ዋጋ ከመሳፈር በፊት ይነገራል፤ «ኮንትራት» ካልሽ ሙሉውን ትይዣለሽ፣ ካላልሽ በመንገድ ላይ ሌላ ሰው ይጭናል፤ ሁለቱም ደንብ ነው፣ ዋጋው ግን ይለያያል።

በጤና በኩል መስከረምና ጥቅምት ባሕር ዳር ላይ የወባ ወቅት ነው። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቂ፣ ማታ ረጅም እጅጌ ልበሺ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዢ። ሐይቁ ዳር በባዶ እግር ውኃ ውስጥ አትግቢ፤ ቢልሃርዚያ አለበት። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ጉማሬ አለ፤ ማለዳና አመሻሽ ላይ ወደ ሣሩ ስለሚወጣ ሣሩና ደንገሉ መካከል ብቻሽን አትዘዋወሪ።

ከሰዓት በኋላ ምሳሽን ሐይቁ ዳር ብዪ። ቅዳሜ ስለሆነ የጾም ጥያቄ የለበትም፤ የቆሮሶ ዓሣ ጠብሰው ሲያመጡልሽ ሙሉውን ከነአጥንቱ ነው፣ ከጀርባው ጀምረሽ ሥጋውን ግለጪ። ከዚያ 10:30 ላይ ባጃጅ ከነጥበቃው ይዘሽ ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ውጪ። ከዓባይ ማዶ ስለሆነች ከተማውን፣ ሐይቁንና ወንዙን በአንድ ላይ ታዪበታለሽ፤ ፀሐይ የምትጠልቀውም በከተማው በኩል ነው። አናቱ ላይ ያለው የአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት አይገባም፤ ካሜራሽንም ወደ ግቢው አታዙሪ። ፀሐይ እስክትጠልቅ አትቆዪ፣ 12 ሰዓት ላይ ውረጂ። በመንገድሽ አዲሱን የዓባይ ድልድይ ታልፊያለሽ፤ 380 ሜትር ይረዝማል፣ የእግረኛ መሄጃም አለው።

ችግኝ_አፍይ | መስከረም 8፣ ምሽት 3:30

ማጓጓዙን እኔ ልንገርሽ። ቅዳሜ ማታ አጠጪው፣ እሑድ አታጠጪው። ርጥብ አፈር ይከብዳል፣ ይንጠባጠባልም፤ ፈጽሞ የደረቀ ደግሞ ከሥሩ ተላቆ ይራገፋል። የፌስታሉን አፍ በግንዱ ዙሪያ ሰብስበሽ በገመድ እሰሪ፤ ቅርንጫፎቹን ወደ ላይ አሰባስበሽ በጋዜጣ ጠቅልዪ፣ ጫፉን ግን ክፍት ተዪው። ሦስቱን አጠጋግተሽ በአንድ ካርቶን ውስጥ አቁሚያቸው፤ ክፍተቱን በወረቀት ሙዪ። ከመሄድሽ በፊት የጓዝ ደንቡን ለአየር መንገዱ ደውለሽ ጠይቂ።

የተቆረጠ ጽጌረዳ ከጨመርሽ፣ ሆቴል ስትደርሺ ጫፉን ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ ውኃ ውስጥ እንዳለ አግድመሽ ቁረጪ፤ ግንዱ ውስጥ የገባውን አየር የሚያስወጣው ይህ ነው። ከውኃው በታች የሚውሉትን ቅጠሎች አርግፊ፣ ይበሰብሳሉ። በ1 ሊትር ውኃ 1 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ 2 የሻይ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ፣ 1 የሻይ ማንኪያ በረኪና ጨምሪ። ስኳሩ ለእምቡጡ ምግብ ነው፣ ሎሚው ውኃው በቀላሉ እንዲወጣ ይረዳል፣ በረኪናው ባክቴሪያውን ይገድላል። ስኳር ብቻውን ከጨመርሽ ግን ባክቴሪያውን መመገብ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሺ፦ ከባሕር ዳር ሙዝ ወይም ማንጎ ገዝተሽ ከአበባው ጋር በአንድ ካርቶን አታድርጊ። የበሰለ ፍሬ የሚያወጣው ጋዝ አበባውን ያረግፈዋል፤ ዝግ ካርቶን ውስጥ ደግሞ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ሐይቅ_ጠባቂ | መስከረም 9፣ ጠዋት 1:40

አበባ ስለምትወጂ ይህን ሳትሰሚ እንዳትመጪ። ጣና ላይ ሐምራዊ ሆኖ የሚያብብ፣ መሐሉ ላይ ቢጫ ዐይን ያለው የሚያምር አበባ ታዪ ይሆናል። እምቦጭ ነው። ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. ታወቀ፤ ከዚያ ወዲህ ሰሜናዊ ምሥራቁን የሐይቁን ዳርቻ አስጨንቆታል። ዓሣ አስጋሪው መረቡን መጣል፣ ከብቱ ውኃ መውረድ ያቅተዋል። በምቹ ሁኔታ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ ሳይበሰብስ እስከ 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። ስለዚህ አንዲት ቅርንጫፍ እንኳ በጠርሙስ ይዘሽ አትሂጂ፣ የትኛውም ሻጭ «የውኃ አበባ» ብሎ ቢያቀርብልሽ አትግዢ። በጀልባ ከሄድሽ ስትወርጂ ጫማሽንና የልብስሽን ጫፍ አራግፊ።

ዐውደ ርዕይ ላይ የወፍ ቆሎም ይሸጣል፤ ቀይና ቢጫ ተቀላቅሎ ያምራል። ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን ወደ ግጦሽ መሬት ይበትኑታል። ሌላ ምረጪ።

ደጋ_ሰው | መስከረም 9፣ ጠዋት 4:15

ከአንድ ቀን ጋር ባይገጥምም ለሌላ ጊዜ ይያዝ። የጎጃምን አበባ ከልቡ ማየት የሚፈልግ ሰው ጮቄን ማየት አለበት። መነሻው ባሕር ዳር ሳይሆን ደብረ ማርቆስ ነው። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ጅብራ ያለው እዚያ ነው። ጅብራ ብዙ ዓመት ቅጠሉን ብቻ ይዞ ያድጋል፣ ከዚያ ከሰው ቁመት በላይ የሚያልፍ አንድ ረጅም ዘለላ አውጥቶ ያብባል፣ ዘሩን ጥሎ ይሞታል። የደረቀውን ግንድ «ተቃጥሎ» የሚሉ ጎብኚዎች አሉ፤ ጨርሶ ነው። ሙቅ ልብስና ሁለት ቀን ያስፈልጋል። ከባሕር ዳር ሄዶ በአንድ ቀን ልመለስ ማለት መንገዱን ብቻ ማየት ነው።

መንገደኛዋ | መስከረም 9፣ ምሽት 2:30

ያወጣሁት ይህ ነው፤ የተሳሳተ ካለ አርሙኝ። ቅዳሜ 12:15 በኮንትራት መኪና መነሻ፤ 1:15 ጢስ ዓባይ፤ በድንጋዩ ድልድይ በኩል ዙሩን 3:30 መጨረስ፤ ሲመለሱ ሁለት ቦታ ለአደይ መቆም፤ 5:15 ባሕር ዳር፤ እስከ 7 ሰዓት ዐውደ ርዕዩ፤ ከዚያ ምሳ፤ 10:30 ቤዛዊት። ችግኙን ዐውደ ርዕዩ ላይ እገዛና ይዤው እዞራለሁ። እሑድ ጠዋት በጀልባ ለአጭር ጊዜ ወደ ዓባይ መውጫና ወደ ደብረ ማርያም ደሴት።

ደንገል | መስከረም 9፣ ምሽት 3:10

ጥሩ ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ብቻ አርሚ። ችግኙን ይዘሽ አትዙሪ፤ ባጃጅ ውስጥ ይንገላታል፣ ምሳ ስትበዪ ፀሐይ ያገኘዋል። መርጠሽ ከፍለሽ ስምሽን ጽፈሽ እዚያው አስቀምጪውና ከቤዛዊት በፊት፣ 10 ሰዓት ላይ ወስደሽ ሆቴል አድርሺው። በሩ 11 ሰዓት ይዘጋል ብለሻልና መልሰሽ ስትመጪ እንዳታጪው።

ሁለተኛው የእሑዱ ነው። ደብረ ማርያም ላይ የእሑድ ቅዳሴ አለ፤ ቅዳሴው ሳያልቅ ውስጡን አያሳዩሽም። መጀመሪያ ወደ ዓባይ መውጫ ሂጂ፣ ጉማሬውን ከሩቅ እዪ፣ ከ3 ሰዓት በኋላ ወደ ደሴቱ ተጠጊ፤ ነፋሱ ሳይነሳ 4:30 ላይ ወደቡ ላይ ትሆኛለሽ።